ገበሬው በሬውን ይፈታል፤ መምህሩስ?



ሥራ የሰው ልጅ መኖሪያውም መከበሪያውም መሆኑን ለዚህ ግድግዳ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ሥራን ለማማረር ወይም ስንፍናን ለማወደስ አይደለም። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወር ያየነውንና የሠራነውን፣ አዎ የሠራነውንም ጭምር፣ በሆዳችን ይዘን መቀመጥ ስላልቻልን ነው። ርዕሳችን የሥራ ጫና የሚያመጣው ጭንቀትና በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ይሁን እንጂ ከመጽሐፍ አንጀምርም፤ ከራሳችን እንጀምር።

አራት ሆነን በጨፋ ሸለቆ ከሚገኙት የ1ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ተመደብን። የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም፤ ጥፋቱ የኛ እንጂ የሱ አይደለምና። በክፍሉ 68 ልጆች ነበሩ። ጠዋት እናስተምራለን፤ ከሰዓት በኋላ የሌላውን ፈረቃ መምህር እናግዛለን። ማታ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ የትምህርት ዕቅድ እንጽፋለን፣ ከካርቶንና ከቆርኪ መርጃ መሣሪያ እንሠራለን፣ ደብተር እናርማለን። የአፋን ኦሮሞውን በቁቤ፣ የአማርኛውን በፊደል ስናዘጋጅ እኩለ ሌሊት ያልፋል። እንቅልፍ ሲያዳፋን በቡና፣ ቡናው ሲያቅተው በጫት እንገፋዋለን። «መረቀንን» እያልን እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት እንቀመጣለን። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፊታችንን ታጥበን እንሮጣለን። እንግዲህ ቁጠሩት፤ የተኛነው 3 ሰዓት ነው።

በ3ኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከመካከላችን አንዱ አንዱን የማባዛት ሂሳብ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ ጻፈው። ከፊት የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ባርሲሳ፣ ይኼን እኮ ቅድም ሠርተነዋል» አለው። ልጁ እውነቱን ነው፤ ሊመሰገን በተገባው ነበር። ዕጩ መምህሩ ግን በልጁ ላይ ጮኸበት፣ ጆሮውን ጎትቶም አንበረከከው። ክፍሉ ጭጭ አለ። ልጁ አላለቀሰም። ብቻ ከዚያ ቀን በኋላ እጁን አውጥቶ አላየነውም።

«አንዱ» ያልነው ስሙን ለመሸፈን ያህል ነው እንጂ ሌሎቻችንም ንጹሐን አይደለንም። እጁ ያልተነሣው ምላሱ ተነሥቷል። «ደደብ» ያልነው ልጅ አለ። ጥያቄ ጠይቆ ያልሰማን መስለን ያለፍነው ልጅ አለ።

ታዲያ ይህ ጓደኛችን ክፉ ሰው ነው? በፍጹም! እሱን የምታውቁ ሁሉ ገርነቱን ትመሰክራላችሁ። ሕጉንስ አያውቅ ይሆን? ያውቃል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን በፈተና ቢጠየቅ ጓደኛችን አሳምሮ ይመልሳል። በሥነ ትምህርት ኮርስ ስለ ልጅ ጠባይ የተማርነውም ከጭንቅላቱ አልጠፋም ነበር። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ እንቅልፍ። ያልተኛ ሰው ዕውቀቱ አብሮት ቢኖርም ትዕግሥቱ አብሮት አይኖርም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ወደ ከሚሴ ስንመለስ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አየን። ወሩ መጋቢት ነበር፤ የበልጉ ዝናብ ጠብ ብሏል። ሽማግሌው በረፋዱ 4 ሰዓት ጥማዳቸውን ሲፈቱ ደረስን። ከመሬቱ ገና ግማሹ አልታረሰም። «አባባ፣ ገና ረፋድ አይደል እንዴ? እርሻው ሳያልቅ ይፈታሉ?» አልናቸው። በአፋን ኦሮሞ የመለሱልን ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፤ «ልጆቼ፣ ሀሩሩ ሳይበረታ ነው የሚፈታው። እርሻው አያልቅም፤ የሚያልቀው በሬው ነው።»

ይህች አነጋገር እስከ ዛሬ በጆሯችን አለች። ለዚህ ጽሑፍ ርዕስ የሆነችውም እሷ ናት። ገበሬው ለበሬው ያወቀውን ያህል እኛ ለራሳችን አላወቅንም።

ለመሆኑ የሥራ ጭንቀት ምንድን ነው?

ጭንቀት ሲባል ብዙዎቻችን የሐሳብ ነገር ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ግን ከሐሳብ አልፎ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ሐንስ ሴልዬ የተባለ፣ በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ይሠራ የነበረ ተመራማሪ በ1936 እ.ኤ.አ. አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። አይጦችን በብርድ፣ በቁስል፣ በድካምና በመድኃኒት ቢያስጨንቃቸው ሥቃዩ የተለያየ ሆኖ ሳለ የአካላቸው መልስ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ያብጣሉ፤ ጨጓራቸው ይቆስላል። ከዚህ ተነሥቶ ሰውነት ለጭንቀት የሚሰጠውን መልስ በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ መደንገጥ፣ መቋቋም፣ ተሟጦ ማለቅ።

እነዚህን ሦስት ደረጃዎች በኛ የልምምድ ወር ላይ ብናስቀምጣቸው ልክ ይገጥማሉ። በ1ኛው ሳምንት ልባችን እየመታ፣ እጃችን እያላበን ክፍል ገባን፤ ይህ መደንገጡ ነው። በዚህ ጊዜ ከነዚያ ዕጢዎች የሚወጣው አድሬናሊን ልብን ያስሮጣል፣ ደምን ወደ ጡንቻ ይልካል። ክፋት የለውም፤ እንዲያውም ሰውን ያነቃል። በ2ኛው ሳምንት «ለመድነው» አልን፤ ይህ መቋቋሙ ነው። ለምደነው ግን አልነበረም፤ ሰውነታችን ከቋጠረው ላይ እየመነዘረ ነበር የሚከፍልልን። በ3ኛው ሳምንት ቋጠሮው አለቀ። አንዷ እህታችን ምግብ ዘጋት፤ አንዱ ራሱን አመመው፤ ሌላው በልጅ ላይ እጁን አነሣ። እነሆ ተሟጦ ማለቅ!

እንግዲህ ጭንቀት ሁሉ ክፉ ነው አንልም። ፈተና ሲደርስ ትንሽ ካልተጨነቁ ማን ያጠናል? ክፉው ጭንቀት እፎይታ የሌለው ጭንቀት ነው። ቀስት ሁልጊዜ ተወጥሮ ከቆየ ይሰበራል።

በጤና ላይ የሚያደርሰውስ?

ከዚህ ላይ ሁለት ነገር ለይተን እንይ። አንደኛው የተረጋገጠው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት ጥናት መሠረት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር፣ በአንጎል የደም ሥር አደጋ (በተለምዶ ስትሮክ የምንለው) የመመታት ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ ደግሞ በ17 በመቶ ይበልጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. ብቻ ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ በእነዚህ በሁለቱ በሽታዎች 745,000 ሰዎች እንደሞቱ ድርጅቶቹ ገምተዋል። ጃፓኖች ከሥራ ብዛት ለሚመጣ ሞት «ካሮሺ» የሚል ራሱን የቻለ ስም አውጥተውለታል።

«ይህ የፋብሪካና የቢሮ ሰው ጉዳይ ነው፤ መምህር እኮ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራ» የሚል አይጠፋም። እስቲ የመደቡን መምህርታችንን ሳምንት አብረን እንደምር። በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ፤ 20 ሰዓት። በሁለት ፈረቃ 136 ደብተር፣ ለአንዱ 2 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 4 ሰዓት ከ32 ደቂቃ፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲታረም 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ። ዕቅድና ዝግጅት በቀን 2 ሰዓት፤ 10 ሰዓት። የእግር መንገድ ደርሶ መልስ በቀን 2 ሰዓት፤ ሌላ 10 ሰዓት። እስካሁን 53 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ሆነ። ስብሰባው፣ ክበቡ፣ ወላጅ ማነጋገሩ ገና አልገባም። የቤት ሥራውማ፣ በተለይ የሴት መምህራን፣ ማንስ ቆጥሮት ያውቃል? «ግማሽ ቀን» የተባለው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ደግሞ በልማድ የምንናገረው፣ ግን መስተካከል ያለበት ነው። ለምሳሌ «ጨጓራዬ ከጭንቀት ነው» እንላለን። ለብዙ ዘመን ሐኪሞችም የጨጓራ ቁስለትን የጭንቀትና የምግብ ልጅ አድርገውት ኖረዋል። ይሁን እንጂ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለአብዛኛው ቁስለት መነሻው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ደረሱበት። ማርሻል ሰው አላምን ቢለው በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። ሁለቱም በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙ። ትርጉሙ ምንድን ነው? ጭንቀት ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ ግን ሆዱን ለወራት የሚያመው ሰው «ጭንቀት ነው፣ ያልፋል» ብሎ መቀመጥ የለበትም፤ በመድኃኒት የሚድን ነገር ነውና ይመርመር።

እንዲሁም በኛ ቆላ ራስ ምታት፣ ድካምና ምግብ መጥላት ሁሉ የሥራ ጫና አይደለም፤ ወባም ሊሆን ይችላል። ከመካከላችን አንዱ ሳምንት ሙሉ «ደክሞኝ ነው» ሲል ከርሞ ደሙ ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኝቷል። ደም ግፊት ደግሞ ሳያሳምም የሚቀመጥ ጠላት ነው። ጤና ጣቢያ ገብቶ ክንድን ለመለካት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። በተለያየ ቀን ሲለካ የላይኛው 140፣ የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማማከር ግድ ነው።

«መምህር ሻማ ነው» የሚለው አባባል

ከልጅነታችን ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ በዓል ላይ የምንሰማት አባባል አለች፤ «መምህር ራሱ እየቀለጠ ለሌላው የሚያበራ ሻማ ነው።» ጭብጨባም አይለያትም። እኛም አጨብጭበናል። ዛሬ ግን ከዚህ ግድግዳ ላይ ቆመን እንቃወማታለን።

ለምን ቢባል፣ ነገሩ ከውዳሴ አልፎ ፍርድ ሆኗልና ነው። መምህሩ ሲደክመው «ሻማ ነህና ቅለጥ» ይባላል። ድምፁ ሲዘጋ፣ ወገቡ ሲጎብጥ፣ ሌሊቱን ሲያነጋ፣ እንደ ክብር ይቆጠርለታል። የሚገርመው፣ ባለሙያዎች ለዚህ ሁኔታ ያወጡት ስም ራሱ ከእሳት የተወሰደ ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1974 እ.ኤ.አ. ሰውን በማገልገል ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሲዝሉ አይቶ ሁኔታቸውን ነዶ ማለቅ ብሎ ሰየመው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ በመዝገቡ ላይ አስፍሮታል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ኃይል ማጣት፣ ሥራን መጥላትና በንቀት ማየት፣ ከሥራ የሚገኘው ውጤት ማነስ። እስቲ በየመምህራኑ ማረፊያ ክፍል ጆሯችንን እንጣል። «እነዚህ ልጆች የማይረቡ ናቸው» የሚለውን ድምፅ ስንሰማ ተናጋሪውን ከመውቀሳችን በፊት፣ ነዶ ያለቀ ሰው እንዳይሆን እንጠይቅ።

ቀልጦ ያለቀ ሻማ ለማንም አያበራም፤ ያውም ሲያልቅ ጨለማ ውስጥ የሚቀሩት ልጆቹ ናቸው። ከሻማስ ኩራዝ ይሻላል። ኩራዝ ጋዝ ሲያልቅበት ይሞላለታል፣ ክሩ ሲያጥር ይሳባል፣ ሲነጋም ይጠፋል።

በምን እንረዳዳ?

አንደኛ፣ የማይረዳውን እንለይ። ጫት ድካምን አያጠፋም፤ ይደብቀዋል። በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። ስለዚህ ዛሬ ሌሊት ያገኘነው ሦስት ሰዓት ነገ በወለድ የሚከፈል ብድር ነው። በኛ ጊዜ ወለዱን የከፈለው ያ ልጅ ነው። የአገራችን የጫት መጅሊስ ለሰው መገናኛም መመራረቂያም መሆኑን እናውቃለን፤ ያንን አልነካንም። የምንናገረው ለብቻ፣ ሌሊት፣ ሥራ ለመግፋት ስለሚቃመው ነው። ቡናም እንዲሁ። አቦል ቶና በረካ እየተባለ ከጎረቤት ጋር ሲጠጣ ዕረፍት ነው፤ ሐሳብ ይወጣበታል። ሌሊት ለብቻ ሲጋት ግን ያው ጅራፍ ነው። የቡናው ኃይል ግማሹ እንኳ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታልና ከምሽት በኋላ መተው ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ወንፈል እንግባ። ገበሬ አረም ሲበዛበት ለብቻው አይሞትም፤ ዛሬ ላንተ ነገ ለኔ ብሎ ይጠራራል። እኛ አራታችን ግን በአንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አንድ ዓይነት የማባዛት ሰንጠረዥ አራት ጊዜ ሠራን! ለምን? እያንዳንዱ «የራሴን» ማለት ስለፈለገ ነው። በ4ኛው ሳምንት ሥራውን ተከፋፈልን፤ አንዱ ካርቶኑን ቆረጠ፣ አንዱ ጻፈ፣ ሁለቱ ዕቅዱን ያዙ። በ4 ሰዓት ማታ መብራት አጠፋን። ማን ያምናል? ሥራው አልጎደለም።

ሦስተኛ፣ የደብተር እርማትን እንከፋፍለው። ይህን ያስተማረችን የመደቡ መምህርታችን ናት። 68ቱን ልጆች አራት ቦታ ትከፍላቸዋለች፤ በቀን 17 ደብተር፣ ማለት 34 ደቂቃ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሁሉም ደብተር በእጇ ያልፋል። በሌላው ቀን ልጆቹ ደብተር ተለዋውጠው ከጥቁር ሰሌዳው እያዩ ይተራረማሉ። ዓርብ ቤቷ ደብተር ይዛ አትሄድም። ቀድሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሁሉንም ታርም እንደነበር ያጫወተችንም እሷ ናት። «እኔም በናንተ ዕድሜ ነድጃለሁ» አለችን። «ድምፄ ጠፍቶ ስንት ሳምንት በእጅ ምልክት ነው ያስተማርኩ። አሁን ጩኸቱን ትቼዋለሁ። ሳጨበጭብ እነሱም ያጨበጭባሉ፤ ዝም ይላሉ።» ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ትገባለች፤ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲያነቡ እሷ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ትላለች። ይህ ስንፍና ነው የሚል ቢኖር፣ ልጆቿ ሲያነቡ መጥቶ ይስማ።

አራተኛ፣ እንተኛ። ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል ይላሉ ባለሙያዎች። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ልክ እንደ ጠመኔና እንደ ጥቁር ሰሌዳ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። ሳይዘጋጅ ክፍል የሚገባ መምህር እንደሚወቀስ ሁሉ፣ ሳይተኛ የሚገባም ሊወቀስ ይገባል።

አምስተኛ፣ እንነጋገር። ወሎ ላይ ሰው ሲከፋው «አብሽር!» ይባላል። ደግ ቃል ናት፤ የብዙ ሰው ልብ ጠግናለች። ነገር ግን «አብሽር» ብለን ጀርባ ከሰጠን ቃሏን አጎደልናት። «አብሽር፣ ያንተን 17 ደብተር እኔ አርምልሃለሁ» ብንል ግን ሞላች። ጭንቀቱ ከሳምንታት ያለፈ፣ እንቅልፍ ጨርሶ የነሳው፣ ኑሮ ያስጠላው ሰው ካለ ደግሞ ወደ ጤና ባለሙያ ይዘነው እንሂድ። ዱዓውም ጸሎቱም ሐኪሙም አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለአሠልጣኞቻችን አንድ ልመና

የተከበራችሁ መምህሮቻችን! በድፍረት አይቁጠሩብን። በልምምዱ የመጨረሻ ሳምንት የአምስት ኮርስ አሳይመንት በአንድ ላይ ተጠይቀናል። እያንዳንዳችሁ አንድ ብቻ እንደጠየቃችሁ እናውቃለን፤ በኛ ላይ ሲደርስ ግን አምስት ሆነ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ተነጋግሮ ያሰበም አልነበረም። ስለዚህ የሁሉም ኮርስ የማስረከቢያ ቀን በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከዚህ ጋዜጣ ጎን ቢለጠፍ ብለን እንለምናለን። ደግሞም ለልምምድ ከመውጣታችን በፊት ዕቅድ አጻጻፍ እንደምታስተምሩን ሁሉ ድምፅ አያያዝን፣ ሰዓት አከፋፈልንና የደብተር እርማት ዘዴን ጨምሩልን። ልትገመግሙን ስትመጡም መርጃ መሣሪያውን ከማየታችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ «ልጆች፣ ስንት ሰዓት ተኛችሁ?» በሉን።

አንዳንዶች፣ «አገሩ በዚህ ሁሉ ችግር ውስጥ እያለ እናንተ ስለ ዕረፍት ታወራላችሁ?» ይሉ ይሆናል። ከባድ ጥያቄ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በከሚሴ አድርጎ በዚሁ በዋናው መንገድ ሲወርድ ብዙዎቻችን ገና ተማሪዎች ነበርን። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። የኑሮ ውድነቱን፣ የቤት ኪራዩን ሁሉም ያውቀዋል። ይህን ደብተር በመከፋፈል እናነሣዋለን አንልም፤ ደመወዝና ሰላም በምክር አይተኩም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 የተመጠነ የሥራ ሰዓትንና ዕረፍትን የሠራተኛ መብት አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ ነገሩ የግለሰብ ብልሃት ብቻ እንዳልሆነ መመስከሩ ነው። የሚመለከተው ክፍል ድርሻውን ይወጣ ዘንድ መጠየቅ አለብን።

ሆኖም ችግሩ መብዛቱ እኛ እንድንጠነቀቅ እንጂ እንድንዘናጋ ምክንያት አይሆንም። ያን ሁሉ ያየ ልጅ ነው ክፍል ውስጥ የሚጠብቀን። የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ የመምህር ጩኸት ሊጨመርበት አይገባም። ቢያንስ በቀን ውስጥ አንድ የረጋ ሰው ማየት ይገባዋል፤ ያ ሰው እኛ ልንሆን ነው የምንሠለጥነው።

ስለዚያ ልጅ ሳንናገር አንዘጋም። በመጨረሻው ዓርብ ጓደኛችን በክፍሉ ሁሉ ፊት፣ «ያን ቀን አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አለው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጥያቄ ተጠየቀ፤ ብዙ እጆች ወጡ። የሱ እጅ አልወጣም። ሰኞ እኛ ወደ ተቋማችን ተመለስን፤ ስለዚህ ዛሬ እጁን ያውጣ አያውጣ አናውቅም። ይህ በኛ ላይ ያለ ዕዳ ነው። ለሱ ባንከፍለው ለሚቀጥለው 68 እንክፈል።

ለሚቀጥለው ልምምድ የምትወጡ እህት ወንድሞች! ኮርሱን፣ ዕቅዱን፣ መርጃ መሣሪያውን ስታዘጋጁ መብራት የምታጠፉበትን ሰዓትም አብራችሁ ጻፉ። እርሻው አያልቅም።

በዚህ አሳብ የማትስማሙ ካላችሁ፣ ከአሠልጣኞችም ሆነ ከዕጩዎች፣ መልሳችሁን ጽፋችሁ ከጎኑ ለጥፉልን። እናነበዋለን፤ ተኝተን ከተነሣን በኋላ!